ያን ሌሊት ሁላችንም ነቅተን ነበር

የሐዋሳ ሰዎች፣ በተለይም የሰፈሬ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሐይቁ ታመመ፣ ፋብሪካው በደለን እያልን ቡና ስንጠጣ ዓመታት አለፉ። በመምህሩ ላይ ስለ ሠራነው ግን አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገርንም።

ታውቁታላችሁ። ከጨርቅ ማቅለሚያው ጀርባ ባለችው ግቢ፣ ከደመወዙ ቆጥቦ አራት የሶላር ፓኔል የተከለው የኬሚስትሪ መምህር ነው። የማቅለሚያውን ፍሳሽ በበርሜል ያጠራቅምና ከፀሐይ ያገኘውን ኤሌክትሪክ ውኃው ውስጥ በተነከሩ ሁለት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ዘንጎች (ኤሌክትሮዶች) ይለቅበታል። በአንደኛው በኩል ቀለሙ ይፈርሳል፣ በሌላኛው ሃይድሮጂን የተባለው ጋዝ እየተንፎለፎለ ይወጣል። ጨርቅ ሲቀለም ጨው በብዛት ስለሚጨመር ፍሳሹ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። «ያስቸገረን ጨው መልሶ አገዘን» ይል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆሜ አየሁ። ሰማያዊው ውኃ እየገረጣ ሄዶ፣ በመጨረሻ ከባልዲው ሥር የታተመው ጽሑፍ ተነበበ። «ቀለሙ ጠፋ ማለት ውኃው ይጠጣል ማለት አይደለም» ብሎ አስጠነቀቀን። ከዚያ በትንሽ ብልቃጥ የሰበሰበውን ጋዝ ክብሪት ሲያስጠጋበት ድው ብሎ ነደደ፤ ልጆቹ በደስታ ጮኹ። በብልቃጡ አፍ ላይ የቀረችውን ጤዛ እያሳየ «ሲነድ ተመልሶ ውኃ ይሆናል» አላቸው።

ጥር ውስጥ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። ቆርቆሮ ተንኳኳ፣ መስታወት ተሰበረ። መስኮቴን ገርበብ አድርጌ ስመለከት ሁለት ሰዎች ፓኔሎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይጭናሉ። ከፊት ለፊት ቤት መብራት በርቶ ጠፋ። ከጎንም በርቶ ጠፋ። ውሾቹ እንኳ ጮኸዋል! እኔ መስኮቴን መልሼ ዘጋሁ።

ጠዋት የተቆረጡትን ሽቦዎች በእጁ ይዞ «ማንም አልሰማም?» ሲለን፣ አልሰማንም አልነው። ዓይን ዓይኑን እያየሁ እኔም አልሰማሁም አልኩ።

ሌቦቹ ፓኔል ሰረቁ። እኛስ? ርካሽ ዕቃ ሲቀርብልን ከየት መጣ ብለን የማንጠይቅ፣ ጎረቤት ሲዘረፍ መብራት የምናጠፋ ሰዎች፣ በምን አፋችን ፋብሪካን እንከስሳለን? በሦስተኛው ቀን ፍሳሹ ወደ ቦዩ ተመለሰ። ሐይቃችን ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄደን የምንበላው ቆሮሶ ዓሣ የሚያድገው እዚያው ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የሚሞክረውንም ነግሮኝ ነበር። ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ በ1972 እ.ኤ.አ. ብርሃን ያረፈበት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ውኃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን እንደሚከፍል አሳይተዋል። በነጭ የግድግዳ ቀለም ውስጥ የሚገባው ያው ነገር ነው። መምህሩ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀብቶ በእኛው ፍሳሽ ሊሞክረው ቱቦዎቹን ገዝቶ ነበር። ያን ሌሊት ሲሰበሩ የሰማሁት እነርሱን ነው።

ባለፈው እሑድ ቤቱ ሄጄ ማየቴን ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ተነሥቶ ሻይ ቀዳልኝ። በርሜሎቹ አሁንም ግቢው ውስጥ ናቸው፣ አልሸጣቸውም። የአንድ ፓኔል ገንዘብ እኔ እያጠራቀምኩ ነው። የዚያን ሌሊት መብራት ያጠፋችሁ ጎረቤቶቼ፣ ሦስት ይቀራል።