በዶልፊን ወደ ቢች

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፎቶ ነው።

ጥር ነው። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ሣሩ ነጭ ነው፤ ውርጭ። ቢሮ ገብተን ሻይ አዝዘናል። ብርጭቆውን የያዝነው ለመጠጣት አይደለም፣ እጃችንን ለማሞቅ ነው። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ስልኳን ከጋቢዋ ሥር አወጣችና ለሁላችን አሳየችን። አዲስ አበባ የምትኖር የኮሌጅ ጓደኛዋ ናት። ጥቁር መነጽር፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ባዶ እግር፣ አሸዋ። ከኋላዋ ላንጋኖ።

«አዲስ አበቤ እኮ ቅዳሜ ጠዋት ብድግ ብሎ ቢች ይሄዳል» አለች። «እኛ ምን ጎድሎን ነው?»

«ባህር» አሉ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር፣ ከሻያቸው ቀና ሳይሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

በአፍ ደረጃ ካየነው ግን ባህር የሞላን ሕዝብ ነን። ከተማችንን ዙሪያውን የከበባት ባህር ዛፍ ነው። ስሙን ያገኘው በምኒልክ ዘመን ከባህር ማዶ ስለመጣ ነው እንጂ ዋና ስለሚችል አይደለም። ቄሶቹ የፋሲካን ቀን የሚያወጡት በባህረ ሐሳብ ነው። ባህር ዳር የሚባል ከተማ አለን፤ ዳሩ ላይ ያለው ሐይቅ ነው። ዘመዶቻችን ባህር ማዶ ናቸው። የምንሳፈርበት ሚኒባስ ሳይቀር ዶልፊን ይባላል። ባህሩ ብቻ የለም።

ጋሼ ግን አይተውታል። በወጣትነታቸው ተሳቢ ይነዱ ነበር። በከተማችን መሐል የሚያልፈው፣ ዛሬ ባጃጅና በግ የሚጋፋበት አስፋልት፣ ዝም ብለው ከሄዱበት በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚገባ መንገድ ነው። የሠፈራችን መንገድ ጫፉ ቀይ ባህር ነበር ማለት ነው! በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። በግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ፣ ከባድ መኪና ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ።

«ስንት ጊዜ ሄደዋል ጋሼ?»

«ኧረ ማን ቆጥሮት።»

«ዋኙ?»

«ልጄ፣ ጭነት ይዤ?»

እግራቸውን እንኳ አልነከሩም። ከቀይ ባህር የቀራቸው ትዝታ የጎማ ነው። ስንት ጎማ እንደፈነዳ፣ የት እንደፈነዳ፣ ማን ኪሪክ እንዳበደራቸው። የደገኛና የባህር ነገር እንዲህ ነው።

ምክክር ተጀመረ። መጀመሪያ የተነሳችው ቢሾፍቱ ናት። ለአዲስ አበቤ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ቁርሱን እዚያ ይበላል። እኛ ግን መጀመሪያ 130 ኪሎ ሜትር ሄደን አዲስ አበባ መድረስ አለብን። ከዚያ አዲስ አበባን ማቋረጥ አለብን፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ደግሞ ሆራና ባቦጋያ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ዳራቸው ገደል ነው። ውሃው ጋ ለመድረስ የአንዱን መዝናኛ በር ማለፍ ግድ ይላል። እኔ አንድ ጊዜ አልፌያለሁ። ለመግቢያ ከፈልኩ፣ ለዋና ሌላ ነው አሉኝ፣ ለፎጣ ሌላ። ሐይቁን በመስታወት እያየሁ ሳንድዊች በልቼ ተመለስኩ።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ ሌላ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። አሸዋው ግን የምር አሸዋ ነው፣ ቢልሃርዚያ የለበትም እየተባለም ይወደሳል። ለእኛ ግን እዚያ መድረስ ብቻ አንድ ቀን ነው። ሐዋሳን ያነሳ ሰው «ፈቃድ ሙላ» ተባለ።

በመጨረሻ የፋይናንሱ ልጅ ተነሳ። «ሸዋ ሮቢት» አለ። «ከዚህ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሙቀት አለ። ወንዝ አለ። አሸዋ አለ። ቢች ማለት ሌላ ምንድን ነው?»

መልስ የሰጠው የለም። እኔም እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

የመዋጮውን ነገር አላወራም። ቢራ የማይጠጣ ሰው ይቀነስለት አይቀነስለት የሚለው ክርክር ከጉዞው በላይ ረዝሟል።

አክስቴን እትዬ ነው የምላት፣ አብሬያት ነው የምኖረው። ዓርብ ማታ «ነገ ውሃ ዳር ልንውል ነው» አልኳት።

«ጻድቃኔ ማርያም ናት ሸንኮራ ዮሐንስ?»

«ጸበል አይደለም እትዬ። ለመዝናናት ነው።»

ዝም ብላ አየችኝ። በእኛ አገር ሰው ወደ ውሃ የሚሄድበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ወይ ከብት ሊያጠጣ ወይ ሊጠመቅ። ከብት እንደሌለኝ ታውቃለች። ስለዚህ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «ማነው የታመመው?»

ጠዋት ስወጣ ቢጫ ጀሪካን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ታጥቧል፣ ክዳኑ በላስቲክ ታስሯል። ምንም ሳልናገር ይዤው ወጣሁ።

በ12 ሰዓት የተባለው ጉዞ በ2 ሰዓት ተኩል ተጀመረ። መኪናው የጋሼ የወንድም ልጅ ዶልፊን ነው። የተሳፈረው ሰው ልብስ ከሰዉ ይበዛል። ሹራብ፣ ጃኬት፣ ከላይ ጋቢ። እያንዳንዱ ደግሞ ለአሸዋው ብሎ ብርድ ልብስ ይዟል። ሌላው ዓለም ቢች ላይ ፎጣ ያነጥፋል። እኛ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለው ከተማ ልጆች ነን፣ ፎጣ ማንጠፍ አይመጥነንም።

ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጉሙ ወርዶ የፊት መብራት በርቷል። መንገዱ ዳር ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነቅላሉ። ቀይ ደረታቸው ለነፋሱ ወለል ብሎ ተሰጥቷል። ልብ አድርጉ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ ደረቱን ገልጦ የሚውል ፍጡር እሱ ብቻ ነው። የመዝገብ ቤቷ ልጅ በመስኮት ስታያቸው ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ከሥሩ የዋና ልብስ ለብሳለች። ከሰልባጅ ተራ ሐሙስ ዕለት የተገዛ ነው፤ እንዳልለበሰች ለማስመሰል ሦስት ሹራብ ደርባበታለች።

ከዚያ ዋሻው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጨለማው ውስጥ ገባን፣ ወዲያ ማዶ ወጣን፣ አገሩ ከእግራችን ሥር ተዘረገፈ። መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁል አየሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል ይላሉ የጂኦግራፊ መምህራን። እኛ በዲግሪ አልለካነውም፣ በልብስ ነው የለካነው። ደብረ ሲና ላይ ጋቢ ወለቀ። ቆሎ የሚሸጡት ሴቶች መስኮቱን ሲከቡት በጋቢው ፋንታ እያንዳንዱ ጭን ላይ የቆሎ ፌስታል ተተካ። አርማንያ ላይ ጃኬት። ሮቢት ስንደርስ ሹራቡ ወልቆ ዶልፊኑ ውስጥ መቀመጫ ጠፋ። ልብሱ ተቀምጧል፣ ሰው ቆሟል።

ወንዙ ጋ ደረስን።

ጥር ላይ የቆላ ወንዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ክረምት ላይ ዛፍ ነቅሎ የሚሄደው ውሃ፣ አሁን ከሰፊ አሸዋ መሐል እንደ ቀጭን መቀነት ተጋድሟል። የፋይናንሱ ልጅ ግን እንደ መሪ ቆሞ ማየት አልፈለገም። ሸሚዙን ወረወረ፣ ካልሲውን ረሳ፣ እየሮጠ ሄዶ ዘለለ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልደረሰም። ጉልበቱ ተላጠ። ካልሲው ብቻ ነው በደንብ የረጠበው።

ብርድ ልብሶቹን አነጠፍን። ተዘረጋን። ከታች ሱፍ፣ ከላይ የሮቢት ፀሐይ፤ ዳቦ በምድጃ ውስጥ ምን እንደሚሰማው አወቅሁ። አንዱ በሃይላንድ ይዞት የመጣውን አረቄ አዞረ። በዚያ ሙቀት አረቄ! ለብርድ ነው የምንጠጣው ብሎ ሲያሳድገን የኖረ አገር፣ ለሙቀቱም ሌላ መጠጥ አላስተማረንም። በጀርባዬ ተንጋልዬ ተኛሁ፣ የአክስቴን ጀሪካን ተንተርሼ።

አንድ የከብት ጠባቂ ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ። ለረጅም ጊዜ አየን።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«ምንም። ፀሐይ እየሞቅን ነው።»

ፀሐይዋን አየ። እኛን አየ። ከዚያ ተመልሶ ግራሩ ጥላ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ላሞቹም እዚያው ናቸው። ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም፤ ሲያፍርልን ነው መሰለኝ።

የግንባታ ክፍሉ ፎርማን ብቻ ነው ቀኑን በትክክል የተጠቀመበት። ያ ሁሉ ሰው ተዘርግቶ ሳለ እሱ ተንበርክኮ አሸዋውን በመዳፉ ያሻል፣ ይነፋል፣ ያሸታል። «ጭቃ የለበትም» አለ ብቻውን። ጠባቂውን ልጅ ጠርቶ ጠየቀው። «አንድ ቢያጆ ስንት ነው?» ልጁ አሁን ፊቱ በራ። በመጨረሻ ጤነኛ ሰው አገኘ። ዋጋውን ነገረው፣ የትኛው ዳር እንደሚሻል አሳየው፣ ሲኖትራክ የሚገባበትን መንገድ ጠቆመው።

ፎቶው ግን ተነሳ፤ የመጣነውም ለእሱ ነው። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሦስቱን ሹራብ አወለቀች፣ የዋና ልብሱ ለሁለት ደቂቃ ያህል ታየ፣ ከዚያ ነጠላ ጣል አደረገችበት። ያነሳት የፋይናንሱ ልጅ ነው። ውሃው ሰፊ እንዲመስል ሆዱን አሸዋው ላይ ለጥፎ ስልኩን ውሃው ጋ አስጠጋ። «ላሞቹን አታስገባቸው!» ትላለች። «አንዷ ጭራዋ ገባ!» ይላል። አሥራ አራተኛው ላይ ላምም፣ ልጅም፣ ፎርማንም የሌለበት አንድ ፎቶ ወጣ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ቦታ አላወቅሁትም። ባህር ነው።

ጋሼ ቀኑን ሙሉ የዶልፊኑ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ጎማ ሲነኩ ዋሉ። «ነፋስ ቀንስ ይላል» አሉኝ። «ሙቀት ነዋ። አሰብም እንዲሁ ነበር።»

ስንመለስ ከመንገድ ዳር ሽንኩርት ገዛን። አንዱ ሲገዛ ሌላው እንዴት ይቀራል? አሥር ኪሎ፣ ሃያ ኪሎ። የሽንኩርቱ ሽታ ከአረቄው ጋር ተደባልቆ ዓይናችንን እያስለቀሰ ወደ ላይ ወጣን። አርማንያ ላይ ሹራብ። ደብረ ሲና ላይ ጃኬት። ዋሻውን አልፈን ጣርማበር ስንወጣ ሁላችንም ጋቢ ውስጥ ገብተን፣ ማንም ቀኑን ቆላ የዋለ አይመስልም ነበር። ጉሙ እዚያው ነው። ጭላዳዎቹ ወደ ገደላቸው ገብተዋል።

እትዬ በሩን ከፍታ መጀመሪያ የተቀበለችው ጀሪካኑን ነው። ነቀነቀችው። ባዶ ነው።

«ውሃውስ?»

«አልነበረም እትዬ።»

ልትቆጣ ነበር። ከዚያ ፊቴን አየችው። ቀልቷል፣ ከንፈሬ ዳር ላይ አንድ ነገር ጀምሮኛል፣ ግንባሬ ይጋላል። አዲስ አበቤው ቢች ደርሶ ሲመለስ ቆዳው ስለጠቆረ ጉራውን ይነዛል። እትዬ እጇን ግንባሬ ላይ አሳረፈችና በአንድ ቃል ጨረሰችው። «ምች!» ከጓሮ ዳማከሴ ቆርጣ መጣች። በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ፊቴን ቀባችኝ፣ የተረፈውን ቡና ላይ ጠብ አድርጋ አጠጣችኝ። ጋቢ ደርባ አለበሰችኝ። ከዚያ ሽንኩርቱን ከፌስታሉ አወጣች፣ አንዱን ጨመቅ አደረገችው።

«ስንት ገዛኸው?»

ነገርኳት።

«ታዲያ አሥር ኪሎ ብቻ ለምን?»

ዳማከሴው ዓይኔን እያቃጠለኝ ስልኬን ከፈትኩ። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ወጥቷል። ሰማንያ ምናምን ሰው ልብ አድርጎበታል። ከሥሩ የመጀመሪያው አስተያየት የዚያች የላንጋኖዋ ጓደኛ ነው። «ዋው! ይሄ የት ቢች ነው? ከአዲስ አበባ በመኪና ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

የመዝገብ ቤቷ ልጅ እስካሁን አልመለሰችላትም።