ቺንጋው ብቻ አይደለም

ስለ ሸክላ ማጫወቻ ባነበብኩት ጽሑፍ ላይ ዘፈኑ ሲጎተት ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን የሚያዞረው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ላልቷልና ቀይሩት ተብሏል፣ ልክ ነው ግን እኔ ጎንደር ቁጭ ብዬ ቺንጋ ቀይሬም አልዳንኩም። አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣው የ110 ቮልት የድሮ ማጫወቻ ነው፣ ፒያሳ ወርጄ ትራንስፎርመር ገዛሁና ሰካሁት፣ ሞተሩ ዞረልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ ሴቷ ዘፋኝ በወንድ ድምፅ ጀመረች ሃሃሃ፣ እማዬ "ይቺ ልጅ ጉንፋን ይዟታል እንዴ" አለችኝ።

ለካ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (መብራቱ በሴኮንድ ስንቴ እንደሚመላለስ) አይቀይርም! አሜሪካ 60 ነው እኛ ጋ 50፣ እነዚህ የድሮ የኤሲ ሞተሮች ደግሞ ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከመብራቱ ኸርዝ ስለሆነ ሳህኑ በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር ሲገባው 28 ገደማ ይዞራል። ለማረጋገጥ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፋችሁ በስልካችሁ ሰዓት አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፣ እኔ ሦስቴ ቆጥሬ ሦስቴም 28። መፍትሄው ሞተሩ ላይ ያለችውን፣ ቺንጋው የሚጠመጠምባትን ፑሊ (ትንሽ መዘውር) ወደ 20 በመቶ ወፈር ባለች መቀየር ነው፣ እኔ አዘዞ ቶርኖ ቤት ነው ያስቀረጽኩት፣ ልጁ መጀመሪያ የመጫወቻ መኪና ጎማ መስሎት ስቆብኝ ነበር። ፍጥነቱ በኸርዝ የማይወሰን የዲሲ ሞተር ካላችሁ ግን ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም፣ ቮልቱን ብቻ አስተካክሉ።

እምምም የሚል ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከማጫወቻው የምትወጣው የግራውንድ ሽቦ አምፕሊፋየሩ (ድምፅ ማጉያው) ላይ ሳትታሰር ቀርታ ነው፣ ያቺን ቀጭን ሽቦ ትርፍ ናት ብላችሁ እንዳትቆርጧት፣ እኔ ቆርጬ እንደገና በያጅ ፍለጋ ዞሬያለሁ።