ባንዲራችን ሌት ተቀን ሥራ ላይ ነው

የመንግሥት ሥራ ላይ ተግቶ የሚገኝ ጠፋ እያላችሁ የምታማርሩ ሁሉ፣ እስቲ ቀና ብላችሁ የመሥሪያ ቤቶቻችንን ምሰሶ እዩ። ክረምት የለ፣ በጋ የለ፣ ፋሲካ የለ፣ ባንዲራው እዚያው ነው። ዝናብ ይወርድበታል፣ በረዶ ይወግረዋል፣ ፀሐይ ይጠብሰዋል። ንቅንቅ የለም! የዓመት ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። ይህን ጽናት ያስተማሩትን ኃላፊዎች ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ መሆን ነው።

አዋጁማ ሌላ ነገር ይላል። አዋጅ ቁጥር 654/2001 ሰንደቅ ዓላማው ጠዋት 12 ሰዓት ተሰቅሎ ማታ 12 ሰዓት ይውረድ ይላል። የተቀደደና ቀለሙ የለቀቀ አይሰቀል ይላል። ቢሮ ቁጭ ብሎ ማርቀቅ ቀላል ነው። እስቲ ያረቀቀው ሰው በኅዳር ብርድ ጠዋት 12 ሰዓት መጥቶ ገመድ ይጎትት! የእኛ መሥሪያ ቤቶች ፍቅር ከአዋጅ በላይ ነው። አንዴ ከሰቀሉ፣ ሰቀሉ ነው።

ለሕዝብ ያለውን ጥቅም ደግሞ አስቡት። ድሮ፣ በንጉሡም በደርግም ጊዜ፣ ባንዲራ ሲሰቀልና ሲወርድ መንገደኛው ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ከገበያ የሚመለሰው ከነዘንቢሉ፣ ተማሪው ከነደብተሩ። ዛሬ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ቀጥ ብላችሁ ብትቆሙስ? የታክሲ ወረፋችሁ ተበላ ማለት ነው። ምስጋና ለማይወርደው ባንዲራ፣ አሁን ማንም አይቆምም።

በቅርቡ ለአንዲት ማስረጃ አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ቆሜ ነበር። ስሙ ይቅር። «ሲስተም የለም» ስለተባልን ወደ ላይ የማይበት ሰፊ ጊዜ ነበረኝ። አረንጓዴው አመድማ ሆኗል። ቢጫው ነጭ ለመሆን ምንም አልቀረው። ቀዩ ሮዝ ነው። የጨርቁ ጫፍ በነፋስ ተተልትሎ ክር ክር ሆኗል። አንዱ ክር ረዝሞ ረዝሞ የስልክ ሽቦ ላይ ተጠምጥሟል።

ጥበቃውን ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ይሄ ባንዲራ ማታ አይወርድም እንዴ?» አልኳቸው።

«ገመዱ እላይ ተቀርቅሯል ልጄ። አይጎተትም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ስቀጠር እንደዚሁ ነበር።»

እንግዲህ ርክክብ ማለት ይሄ ነው። ዘበኛ ሲቀየር፣ ኃላፊ ሲቀየር፣ ገመዱ በክብር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

በትርጉሙም በኩል ባንዲራው የሚመሰገን ሥራ እየሠራ ነው። አዋጁ አረንጓዴው የሥራ፣ የልምላሜና የዕድገት ምልክት ነው ይላል። ቢጫው የተስፋ፣ የፍትሕና የእኩልነት። ቀዩ ለነፃነትና ለእኩልነት የሚከፈል መስዋዕትነትና የጀግንነት። ሰማያዊው ክብ ሰላም ነው። እዚያ ምሰሶ ላይ ታዲያ ልምላሜው ጠውልጓል፣ ተስፋው ገርጥቷል፣ ጀግንነቱ ሮዝ ሆኗል። ውስጥ ያለው የሩብ ዓመት ሪፖርት ሁሉ «ከዕቅድ በላይ ተከናውኗል» ሲል፣ ውጭ ያለው ባንዲራ ብቻ ሳያጋንን ሪፖርት ያደርጋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ ሦስቱ ቀለሞች እኩል ይሁኑ ብሎም የለ? ይኸው፣ ሦስቱም ወደ አንድ ዓይነት ግራጫ እየተጠጉ ነው። ከዚህ በላይ እኩልነት ከየት ይምጣ?

«ለምን አዲስ አይገዛም?» የሚል ሰው የንብረት አስተዳደርን የማያውቅ ሰው ነው። አዲሱ በሞዴል 22 ወጪ የሚሆነው አሮጌው ተመላሽ ሲሆን ነው። አሮጌው ተመላሽ የሚሆነው ሲወርድ ነው። ሲወርድ ደግሞ ምሰሶው ባዶ ይቀራል። ባዶ ምሰሶ ያስጠይቃል፣ የተቀዳደደ ባንዲራ ግን ማንንም አስጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ አይወርድም። ንብረት ክፍሉ ቢፈቅድ እንኳ ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ይፈልጋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቅለዋል። በዚያ በረሃ ሦስቱን ፕሮፎርማ ከየት አምጥተው ነው? ያለ ጨረታ መሆኑ ነው እኮ! ጉዳዩ በእኛ ግዢ ክፍል በኩል ቢያልፍ ኖሮ ጣሊያን ተሸንፎ፣ ሻንጣውን ሸክፎ አገሩ ገብቶ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ አሸናፊው ድርጅት ይገለጽ ነበር።

ደግነቱ የሰንደቅ ዓላማ ቀን አለ። በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ይከበራል። ዓመቱን ሙሉ በጀት የጠፋለት ባንዲራ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በፔቲ ካሽ ይገዛል። የተቀረቀረው ገመድም ቅዳሜ ዕለት አንድ መሰላልና አንድ ደፋር ልጅ ይገኝለታል። ሰኞ ጠዋት መዝሙሩ ከስፒከር ይለቀቃል። ግማሹ ሠራተኛ ይዘምራል፣ ግማሹ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ንግግር አለ፣ ቃል መግባት አለ፣ ፎቶ አለ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ሰርቪስ ውስጥ ነው።

በጥድፊያ የተገዛ ነገር ደግሞ ውበቱ ለብቻው ነው። ሰፊው ጨርቁ እንዳደረሰው ስለሚሰፋ፣ አንዳንዱ ባንዲራ አራት ማዕዘኑ እኩል የትራስ ልብስ ይመስላል። ክቡ ተለጥጦ እንቁላል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ተዘቅዝቆ የሚሰቀልም አለ፣ ቀዩ ከላይ። ሰው ይስቃል፣ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል። እኔ ግን በዚህ አልስቅም። ይህ ስህተት ሳይሆን ጥልቅ የታሪክ ዕውቀት ነው! ከዓድዋ ድል በኋላ በ1890 ዓ.ም. ሦስቱ ቀለሞች በአንድ ባንዲራ ላይ ሲገጠሙ፣ ከላይ የነበረው ቀዩ ነው። መሃሉ ላይ የምኒልክ ስም የመጀመሪያ ፊደል ተጽፎበት ነበር። አረንጓዴው ወደ ላይ የወጣው በኋላ ነው። እንግዲህ የጥገና ክፍሉ ሠራተኛ ይህን ሁሉ አመዛዝኖ ነው የዘቀዘቀው። ለፓን አፍሪካኒዝም ያለውን ክብርም አትርሱ። ጋና በ1957 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ የእኛን ቀለሞች ወስዳ ቀዩን ከላይ አድርጋለች። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የአክራ ወዳጆቻችንን ማስታወሻ ነው።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ክርክራችንን ነው። መሃሉ ላይ ምን ይሁን በሚለው ላይ ወንድማማች ተኳርፏል፣ ሠርግ ላይ ወንበር ተለያይቷል። መሃሉማ ብዙ አይቷል። አንበሳው ዘውድ ደፍቶ ቆሞ ነበር። ደርግ መጣና መጀመሪያ ዘውዱን አወለቀው፣ ቀጥሎ አንበሳውን ራሱን አሰናበተው። በ1988 ዓ.ም. ኮከቡ ገባ። አሁን አንዱ አንበሳው ይመለስ ይላል፣ አንዱ ልሙጡ ይሁን ይላል፣ አንዱ ኮከቡ እንዳይነካ ይላል። ሦስቱም ደማቸው እየፈላ በዚያው ምሰሶ ሥር ያልፋሉ። ሦስቱም ቀና ብለው የሚያዩት መሃሉን ብቻ ነው። ዳሩን ለነፋስ ትተውለታል። ነፋስ ደግሞ ሥራውን ያውቃል፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይበላል። ለነገሩ ዳሩ ለማን ድምፅ ያመጣል?

እኔ በበኩሌ ለግዢ ክፍሎች አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ክፍያ አልጠይቅበትም። በሕጉ መሠረት የባንዲራው ወርድና ርዝመት 1 ለ 2 ነው። ነፋሱ ከጫፉ እየቆረጠ ስለሚያሳጥረው መሥሪያ ቤቶቻችን ሳያስቡት ሕግ እየጣሱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከዘንድሮ ጀምሮ 1 ለ 3 ይገዛ። ጥቅምት ላይ ሲሰቀል ትንሽ ይረዝማል። ሚያዝያ አካባቢ ሕጋዊ ይሆናል።