ከ3 ሰዓት በኋላ ወፍ የለም

ዋሽንግተን ዲሲ እንደገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ዲሲን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም። መሃል ከተማ ካሉት ጋራዦች በብዙዎቹ የሐበሻ ልጅ አይጠፋም። መግቢያችን ላይ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። "ኧርሊ በርድ" ይላል፤ ማልዳ የተነሳች ወፍ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት የገባ ሰው ከሙሉ ቀን ዋጋው ግማሹን ገደማ ብቻ ይከፍላል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ያስረዳኝ እንዲህ ብሎ ነው፦ "ስማ፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ወፍ የለም!"

አባባሉ የቆየ ነው። "ማልዳ የተነሳች ወፍ ትሉን ትይዛለች" ይላሉ እንግሊዞች። ጆን ሬይ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1670 ባሳተመው የምሳሌያዊ አነጋገር ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ያኔ ምክር ነበር፤ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የዋጋ ስም ሆኗል። ቀድሞ ለተመዘገበ የስብሰባ ክፍያ ይቀንሳል። ምግብ ቤቱ እራቱን 10 እና 11 ሰዓት ላይ ለሚበላ፣ በተለይ ለጡረተኛው፣ በቅናሽ ያቀርባል። እኛ ጋ ያ የመክሰስ ሰዓት ነው። በጠዋት የሚነሳ ሰው ራሱን ኧርሊ በርድ ይላል፣ የሚያመሸው ደግሞ የሌሊት ጉጉት። አገር ቤት ሰውን ጉጉት ብለህ ጥራና ጉድህን ታያለህ።

በእኛ ቋንቋ የማለዳ ወፍ ትል ያዘች አልያዘች ማንም አይጠይቅም። እሷ የምትነግረን ሰዓቱን ነው። "ወፍ ሲንጫጫ ተነሳሁ" እንላለን። እናቴ ወፍ ሳይንጫጫ ነጠላዋን አጣፍታ ኪዳን ትሄዳለች፤ ስትመለስ ምጣዷን ትጥዳለች። በማለዳ በመነሳቷ ትርፍ አገኛለሁ ብላ አስባ የምታውቅ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ላይ በጨለማ ወጥቶ ታክሲ የሚሰለፈው ሠራተኛም የሚያገኘው ነገር ቢኖር በሰዓቱ መድረስ ነው።

ጋራዡ ውስጥ አንድ ቀን አንዲት ሐበሻ እናት መኪናቸውን እየነዱ መጡ። የሐኪም ቀጠሮ አለባቸው። ማሽኑ ትኬታቸው ላይ 9:04 ብሎ አትሟል፤ በእኛ 3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ መሆኑ ነው። "ልጄ፣ መንገዱ ተዘጋግቶብኝ እኮ ነው" አሉኝ። አገር ቤት ቢሆን ጥበቃው "ይግቡ እናቴ፣ ችግር የለም" ይላቸው ነበር። እኔ እንደዚያ ማለት አልቻልኩም። ልዩነቱን ከኪሴ ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ። "በሞቴ፣ ተው!" ሙሉውን ከፍለው ገቡ። ያን ቀን ሙሉ ሥራ አልሆነልኝም።

ከዚያ ወዲህ ሰሌዳውን ባየሁ ቁጥር ቅናሹ ለማን እንደሆነ አስባለሁ። ጋራዡን የምንከፍተው ሰዎች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው የምንመጣው። ቢሮዎቹን ስታጸዳ ያደረችው ሴትዮ እኛ ስንገባ ትወጣለች። ለእኛ ለማለዳ ሰዎች ግን ሰሌዳው ምንም አይለንም። የሚያወራው መኪና ላለው ነው። ይሄ ልክ አይመስለኝም። ትጋትን ለማወደስ የተነገረ ቃል እኛን መዝለል አልነበረበትም።

አንድ የሚያዝያ ሌሊት ፌርማታ ላይ ቆሜ እናቴ ደወለች። እሷ ጋ ረፍዷል፣ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል። እኔ ጋ ገና ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሮቢን የሚሏት ደረተ ቀይ ወፍ ከመንገድ መብራቱ አጠገብ ካለ ዛፍ ላይ ትዘምራለች።

"በዚህ ሌሊት ነው እንዴ የምትወጣው?" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "የምን ወፍ ናት?"

ስልኩን ወደ ዛፉ ቀና አድርጌ ያዝኩላት። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ዝም ብላ አዳመጠች።