መጥሪያውን ከጣሪያ ሥር የሸጎጣችሁ ወገኖቼ

ያገሬ ሰዎች፣ ቢመራችሁም ስሙኝ።

ባለፈው ክረምት በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ግቢ አንድ አባት አገኘሁ። ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። መጥሪያ ነው። ከጎጆው ክዳን ተሸጉጦ ስለከረመ ጭስ አጥቁሮታል፤ ማኅተሙ በግድ ነው የሚለየው። ቀጠሮው ካለፈ አምስት ሳምንት ሆኖታል። «ምንም ሳላጠፋ ለምን እሄዳለሁ ብዬ ነው» አሉኝ። መሬቱ በሌሉበት ተፈርዶባቸዋል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱ እንዲነሣለት እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ፍርዱን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ ነው፤ ያውም መጥሪያው በወጉ ካልደረሰው ወይም በቂ ምክንያት ካለው። መጥሪያውን በእጃቸው ተቀብለው የቀሩ ሰው ምን ምክንያት ያቅርቡ? ይባስ ብሎ ፍርዱን የሰሙ ዕለት የሄዱት ወደ ጠበቃ አልነበረም። ፍርድ ቤት ደጃፍ ያለ ጉዳይ ገዳይ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ብሎ የአንድ ፍየል ዋጋ ተቀበላቸውና ሁለት ሳምንት አመላለሳቸው።

ስለ ጉዳይ ገዳይ ዝም ማለት አልችልም። ፈቃድ የለውም፤ ችሎት አይቆምላችሁም፤ ሲፈረድባችሁም አታገኙትም። ጠበቃ ነኝ የሚላችሁን ሁሉ የጥብቅና ፈቃዱን አሳየኝ በሉት። ነውር አይደለም። ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ቃል በቃል ያልተነበበላችሁ ውክልና ላይ ጣታችሁን አታሳርፉ!

በገጠር ከተማ ጠበቃ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ባላጋራችሁ ቀድሞ ምስጢሩን የነገረው ጠበቃ ደግሞ ለእናንተ መቆም አይገባውም። እንግዲያው ክስ ገና ሲሸታችሁ ሂዱ። እዚያ ከሌለ ወደ ዞን ከተማ ተሳፈሩ። ሽምግልናውን አልጠላም፤ እኔም በሽማግሌ የታረቀ ቤት ልጅ ነኝ። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጧል ተብሎ ቆጠራው አይቆምም።

ገንዘብ የለንም ትሉኛላችሁ። ለተዝካር በሬ ስንጥል ያልሳሳን ሰዎች ለአንድ ቀን ምክር ሲሆን ለምን እጃችን ይታሰራል? በእውነት ያጣ ደግሞ አለ፤ ለእርሱም በር አለ። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ድሀ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። ወንድም ወይም ልጅ በውክልና ሊቆምለት ይችላል። በወንጀል የተከሰሰ አቅም ያጣ ሰው ያለ ጠበቃ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። እንደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐዋሳና ሐሮማያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጡ ቆይተዋል፤ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። ጠይቁ እንጂ!

ዕድራችንስ? ለሞተ አባል ድንኳን የሚተክል ዕድር መሬቱን ሊያጣ ላለ ሕያው አባል የመኪና መሳፈሪያ ማዋጣት ምን ያቅተዋል? በሚቀጥለው ስብሰባ ይነሣ።

እስከዚያው ግን ከጣሪያችሁ ሥር የተሸጎጠ ወረቀት ካለ ዛሬ ማታ አውርዱት፤ ተማሪ ልጅ ጥሩና ቀኑን ያንብብላችሁ።