ለጆሮ ዳኛዬ የተጻፈ ደብዳቤ፦ ካሴት ስለማስመለስ

ቁጥር፦ የለውም
ቀን፦ ከምሳ በኋላ

ለሦስተኛ ፎቅ የሙዚቃ ዳኛ
ቸርችል ጎዳና
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ጆሮዬን እና አንድ ካሴቴን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከመስኮቱ ሥር፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ቀጥሎ የምቀመጠው ሰው ነኝ። ስሜን ረስተውት ከሆነ እርስዎ ያወጡልኝ ሌላ ስም አለ፤ “ሰርገኛው”።

ስሙ እንዴት እንደወጣ ለግልባጭ ተቀባዮች ማስረዳት ስላለብኝ ጥቂት ይታገሡኝ። አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የወሩን ሒሳብ ስናመሳክር የማዳመጫዬ ገመድ በወንበሩ እጀታ ተጠልፎ ከስልኬ ተነቀለ። ስልኬም ለእኔ ብቻ ሲነግረኝ የቆየውን ሁሉ ለሦስተኛ ፎቅ አወጀው። ኦርጋን፣ በማሽን የሚመታ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ የሕፃናት ጫጫታ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ድምፁ የሻከረ አንድ ጎረምሳ ሙሽራዋን ሲያወድስ ተሰማ። ለመዝጋት ስጣደፍ ጭራሽ ድምፁን ጨመርኩት። ያን ጊዜ እርስዎ እስክሪብቶዎን አስቀመጡ፣ መነጽርዎን ወደ ግንባርዎ ሰቀሉ፣ ከዚያም ከንፈርዎን መጠጡ። በአገራችን ከንፈር የሚመጠጠው ለሐዘንተኛ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ቀን የሞተብኝ ሰው አልነበረም።

“ይህን አንተ ትሰማለህ?” አሉኝ። “አንተ” የሚለውን ቃል ጎትተው፣ ከእርስዎ ባልጠበቅሁት ዓይነት።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ከፍቼ ስገባ ከጠረጴዛዎ በኩል “ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ!” የሚል ድምፅ መጣ። ሒሳብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልዱ ለአንድ ቀን ጥሩ ነበር። አሁን ስምንተኛ ወሩን ይዟል፣ በርበሬው ግን ተቀንጥሶ አላለቀም። ሰነድ ለማስፈረም ወደ ኃላፊው ቢሮ ስገባ እልልታ ይከተለኛል። የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ “ለጫጉላ ነው?” እባላለሁ። በትዳር ሃያ ሁለት ዓመት የኖርሁ ሰው ነኝ።

የሚፈርዱበትን ሕግ ለመረዳት ብዙ ጥሬአለሁ። እስከገባኝ ድረስ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው ያለው፤ ከ1966 ዓ.ም. በፊት የተዘፈነ ሁሉ ሙዚቃ ነው፣ ከዚያ በኋላ የተዘፈነ ሁሉ ኦርጋን ነው። ቤትዎ በተጋበዝን ጊዜ ሳሎንዎ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተከድኖ የተሰቀለ ሸክላ አይቻለሁ። ማጫወቻው የት እንዳለ ስጠይቅዎ “ሸክላ እኮ የሚከበር ነገር ነው” ብለው መለሱልኝ። እኔ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚያ ሸክላ ግን አንድ ነገር እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ። ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የማሳተሙ መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ቴያትር ብቻ የተሰጠ ነበር። ልጁ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ነበረ፤ ትእዛዙን ወደ ጎን ብሎ አሳተመ። ዛሬ መስተዋት ውስጥ ያስገቡት ዘመን የተከፈተው እንግዲህ በእንዲህ ያለ ድፍረት ነው። ዘፋኞቹም ቢሆኑ ቤተሰብ ዘንድ “አዝማሪ” ተብለው የሚሰደቡበት ጊዜ ነበር፤ ቃሉ ሙያ መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ የኖረባት አገር ናት ያለችን። በዚያን ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ለማን ከንፈር ይመጥጡ እንደነበር አስባለሁ።

“ኦርጋን የእኛ አይደለም” ያሉኝን ደግሞ አልረሳሁትም። እውነት ነው፣ አይደለም። የእርስዎ መለከትስ? የነሐስ መሣሪያዎቹ ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሥ የመጡ ስጦታ ናቸው። በኋላም ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ወላጆቻቸውን ያጡ አርባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጥተው የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የእርስዎ መለከት ከሩሲያ፣ የእኔ ኦርጋን ከጃፓን። ሁለቱም ባሕር ተሻግረው ነው የመጡት። የእርስዎ ቀድሞ ስለደረሰ ባለርስት ሆነ፣ የእኔ ጭሰኛ።

ኦርጋኑስ ለምን መጣ? አምሮት አይደለም። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ የሌሊት ክበቡ ሙዚቀኛ ሌሊቱን ተቀማ። ሸክላ መታተሙ ቀረና ካሴት ቦታውን ያዘ። አስር ሰው ያለበትን ባንድ ማን ይቀጥራል? አንድ ልጅ ኦርጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ድንኳን ገባ። ግራ እጁ ቤዝ ነው፣ ቀኝ እጁ ሳክስፎን ነው፣ ከበሮውን ማሽኑ ይመታለታል። ክፍያው ግን የአንድ ሰው ነው፣ ምሳውም አንድ ሳህን። እንደ ሒሳብ ባለሙያ ይህን ሊያደንቁልኝ ይገባ ነበር።

ከዚያ ደግሞ “ቅኝት የለውም” መጣ። ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ በክራር ቢመታም በኦርጋን ቢመታም ሰው ለይቶ ይሰማቸዋል። የእኔ ካሴት ሁለተኛ ዘፈን ባቲ ነው። እርስዎን የትኛው እንደሆነ ስጠይቅዎ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ራስዎን ዘንበል አድርገው፣ ረጅም ጊዜ ወስደው “ትዝታ” አሉ። ሌላ ዘፈን አሰማሁዎ፣ “ትዝታ” አሉ። የአሳንሰሩን ደወል እንዳላሰማዎ ፈርቼ ተውኩት።

ስለ ታክሲው ብዙ አልልም። ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ወንበር ከኋላዎ ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩ ያንኑ የጠሉትን ኦርጋን ሙሉ ድምፅ ለቆታል። ለሾፌሩ ከንፈር ሲመጥጡ አላየሁም። ሾፌር ያወርዳላ!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከዐቢይ ጾም በፊት በአንድ ጠዋት፣ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፒያሳ ወጥተን ማኪያቶ ጋበዙኝ። ስኳሩን ራስዎ አማሰሉልኝ። ከዚያ ስልክዎን አወጡና “ስማ እስቲ ይህን ሊቅ” አሉኝ። ሰማሁ። ኃይሉ መርጊያ ነበር። በዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል ሲጫወት የነበረው፣ አሜሪካ ሄዶ የቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን እና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት የቀረጸው ሰው። በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ያንን ካሴት እንደገና ሲያወጣው ፈረንጁ ሁሉ ተደነቀ፣ ሰውየውም ወደ መድረክ ተመለሰ።

“ኦርጋን እኮ ነው” አልኩዎ ቀስ ብዬ።

“አይደለም፣ ይህ ሌላ ነው” አሉኝ።

“ከበሮውንም ማሽን ነው የሚመታለት።”

“ይህ ሌላ ነው አልኩህ እኮ!”

የኃይሉን ሊቅነት የምክድ ሰው አይደለሁም፤ ካሴቱ ለሃያ ስምንት ዓመት ጸጥ ብሎ ሲቀመጥም ያው ሊቅ ነበር። የተለወጠው የእርስዎ ጆሮ ነው። ጆሮዎ ዘፈን የሚገባው በቦሌ በኩል ዞሮ ሲመለስ፣ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ሲያይ ብቻ ነው። ቡናችንን ለውጭ ገበያ የሚሆነውን ለይተን እንልክና የቀረውን እንጠጣለን። እርስዎ ደግሞ ዘፈንን በዚያው ሚዛን ይመዝናሉ፤ ያልተላከ ሁሉ ለእርስዎ ግርድ ነው።

ማኪያቶው ለምን እንደተገዛ የገባኝ መጨረሻ ላይ ነው። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ “ያ የሰርግ ዘፈንህ፣ ኦሪጅናል ካሴቱ አለህ እንዴ? ብርቅዬ ሊሆን ይችላል፤ የሚገባው ሰው ላሰማው ነበር” አሉኝ። ለወራት በርበሬ ሲያስቀነጥሱብኝ የኖሩት ዘፈን በአንድ ማኪያቶ ብርቅዬ ሆነ። እኔም ሞኝ ነኝና ደስ አለኝ። በማግስቱ በጋዜጣ ጠቅልዬ አመጣሁልዎ። የጾሙ ወራት አለፈ፣ ፋሲካ ሆነ፣ ክረምት ገባ፣ ካሴቴ ግን አልተመለሰም። ያን ዕለት ካሴቱን ይዤ በር ላይ ስደርስ እንኳን “ሰርገኛ መጣ” ብለውኛል። ተቀብለው ኪስዎ ከከተቱት በኋላም ደገሙት።

እዚህ ላይ ለእውነት ስል አንድ ነገር ማመን አለብኝ። ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኳ ላይ የምትሰማው ነገር ጆሮዬን ሲያደማው እኔም ሳላስበው ከንፈሬን መጠጥኩ። ቀና ብላ አየችኝና “አባዬ፣ ሥራ ቦታ ያለውን ሰውዬ መሰልክ” አለችኝ። ቤታችን ውስጥ ስለ እርስዎ ምን ያህል እንደሚወራ ከዚህ ይረዱ። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው አሰማችኝ፣ አልወደድኩትም፣ አፌን ግን ዘጋሁ። እንደሚቻል ለማሳወቅ ያህል ነው።

ካሴቱን ሲመልሱ የሚከተለውን ያስተውሉ። ጥር 1986 ዓ.ም. እኅቴ ስትዳር ፒያሳ፣ ግቢያችን ውስጥ በተተከለው ድንኳን የተቀዳ ነው፤ የጎረቤታችን ፓናሶኒክ ቴፕ ከጠላው እንስራ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው የቀዳው። ኦርጋኑን የመታው ልጅ የሰፈራችን ልጅ ነበር። ግቢው ከሰፈሩ ጋር በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ዛሬ ድንኳኑ በነበረበት ላይ መብራት የተደረደረበት የእግረኛ መንገድ ያልፋል። ብርቅዬ ነው ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ፈረንጅ ግን አይገዛውም።

በማሽን አያጠንጥኑት፤ ቢክ እስክሪብቶ ይጠቀሙ። በሁለተኛው ገጽ መካከል ላይ አንድ ጊዜ ቴፕ በልቶት በፕላስተር የተቀጠለ ቦታ አለ፣ ቀስ ይበሉ።

“ስልክህ ላይ ግልባጩ አለህ፣ ካሴቱ ምን ያደርግልሃል?” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግልባጩን ወደ ፍላሽ ያስገባልኝ ልጅ ጎበዝ ነው፤ በዘፈኖቹ መካከል ያለውን “የማያስፈልግ ድምፅ” ብሎ ቆርጦ አስተካክሎታል። ካሴቱ ላይ ግን ከፕላስተሩ ቀጥሎ፣ ባቲው አልቆ ሌላው ሳይጀምር፣ አንዲት ሴት ከሩቅ ስትጣራ ይሰማል። “ለኦርጋኑ ልጅ ምሳ ስጡት እንጂ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም!” ትላለች። እናቴ ናት። እርሷን የሚገባው ሰው ዘንድ ወስደው አያሰሙብኝ።

ከሰላምታ ጋር
ሰርገኛው

ግልባጭ፦
ለፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተራ ጠባቂዎች
በርበሬ በመቀንጠስ ላይ ላሉ ባልደረቦች በሙሉ
ለልጄ (ጮክ ብላ እንዳታነበው)