የፈሩትን ቁጣ ራሳቸው አዘዙ

የዴንማርኩ ጋዜጣ ዪላንድስ-ፖስተን እ.ኤ.አ. በ2005 የነቢዩ መሐመድን 12 ካርቱኖች ያወጣው «ለሁሉም ሃይማኖት አንድ መለኪያ ስላለው ነው» ብሎ አንድ ጸሐፊ እዚህ ባወጣው ጽሑፍ ማለቱን በፍጹም አልቀበልም። ይኸው ጋዜጣ በ2003 አንድ ሠዓሊ ስለ ክርስቶስ ትንሣኤ የላከለትን ካርቱኖች «አንባቢ ይቆጣል» ብሎ መልሷቸዋል። ኋላ ሲጠየቅ አዘጋጁ የሰጠው ምክንያት የነቢዩን ሥዕሎች ጋዜጣው ራሱ ማዘዙን፣ የኢየሱሱ ግን ሳይጠየቅ መምጣቱን ነበር። ታዲያ በአንዱ የፈሩትን ቁጣ በሌላው ላይ አዝዘው አሠሩ ማለት አይደለም? በዚያው ጽሑፍ ላይ በሰጠኸው አስተያየት «ሁልጊዜ የሚደፈረው ክርስትና ብቻ ነው» ያልኸው ወንድሜ፣ ሕመምህ ይገባኛል፤ የአሜሪካው ጋዜጣ ኒው ዮርክ ታይምስም በየካቲት 2006 እነዚያን ካርቱኖች አላትምም ብሎ የዝሆን ፋንድያ የተለጠፈበትን የድንግል ማርያም ሥዕል አትሟል። «ብቻ» የምትለው ቃል ግን ትክክል አይደለችም። እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። እናቴ ለግንቦት ልደታ ንፍሮ ስትቀቅል እሳቱን የምትቆሰቁስላት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ነበረች፤ አንዷ ስትሰደብ ሌላዋ ታለቅሳለች። ጸሐፊው የ2003ቱን ውሳኔ ለምን እንደዘለለው እዚሁ ይመልስልን።